ስለ ተከራዬ ሊጠይቅ የመጣ ሰው

ሲግናል ሰፈር ያለው ግቢዬ ውስጥ ባንክ የምትሠራ ልጅ ተከራይታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ መጥቶ ስለ እሷ ጠየቀኝ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጎረቤት ይጠየቃልና የሙሽራ ወገን መሰለኝ። ጨዋ ናት፣ እጮኛም የላትም አልኩት።

ፈገግ አለ። «እማማ፣ ለጋብቻ አይደለም። በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ኩባንያ ልናቋቁም ነው፤ ሥራ አስኪያጅ እንፈልጋለን። የትምህርት ማስረጃዋን አይተናል፤ ጠባይዋን ግን ወረቀት አይነግረንም።»

«ምን ዓይነት ጠባይ ነው የምትፈልጉት?» አልኩት፤ ማወቅ ፈልጌ።

«የበላይዋ ሲሳሳት ዝም ትላለች?»

እውነቱን ብናገር ሥራውን የማሳጣት መሰለኝ። ቢሆንም የተጠየቅኩትን መለስኩ። የኤሌክትሪክ መስመሩን በርካሽ ሳስዘረጋ «ይሄ ቤት ያቃጥላል፤ እስኪስተካከል እዚህ አላድርም» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መውጣቷን፣ እኔም ተቆጥቼ ሰንብቼ ኋላ እንደገና ማሠራቴን፣ እሷም መመለሷን ነገርኩት። እስክሪብቶ ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ከወር በኋላ ሥራው ተሰጣት። ሰውየው የነገርኩትን አጫውቷት ኖሮ «ቁጣዎ ጠቀመኝ፣ እማማ» አለችኝ። መስመሩ ልክ እንዳልነበረ በአፌ ያመንኩላት ያን ቀን ነው።