ለዋሻ የሚሆን ካሜራ

ወንድሜ ባለፈው ክረምት በወባ ሞተ። ለቅሶው ላይ ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ፣ ከከሚሴ በላይ ባሉት ገደሎች አብረው ዋሻ ለዋሻ እየዞሩ ያነሷቸውን ፎቶዎች ለዘመድ አሳየ። ሰዉ «ማሻአላህ» እያለ ተቀባበለው። እኔ አልተቀበልኩም። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ዋሻ ይዞኝ አልሄደም። «አንተ ተማር» ነበር የሚለኝ። ጓደኛውን ግን ይዞት ይሄድ ነበር።

የራሴን ካሜራ ገዝቼ ብቻዬን ልገባ ወሰንኩ። ከጓደኛው የተሻለ ፎቶ ላነሳ።

አስፋልቱ ዳር ስልክና ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለሱቁ አንድ ትንሽ ካሜራ አወጣልኝ። «ፍላሹ፣ ወላሂ፣ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል» አለ። ወደድኩት። ፍላሽ ካለኝ ማንም አያስፈልገኝም።

ባለሱቁ ሳይደውልለት አልቀረም፤ የወንድሜ ጓደኛ ከባጃጅ ወርዶ ገባ።

«ታናሼ፣ ለዋሻ ነው?»

«ለሰርግ ነው» አልኩት።

«ማን ሊዳር ነው?» አለ ባለሱቁ። ሁለቱ ሳቁ።

ጓደኛው ካሜራውን ተቀብሎ አገላበጠው። «ዋሻ ውስጥ ፍላሹ ፊትህ ያለውን አቧራ ነው የሚያበራው። ከኋላው ያለው ጨለማ እንደሆነ ይቀራል።» ከመደርደሪያው ከበድ ያለ አሮጌ ካሜራ አስወረደ። «የዚህ ዓይን እስክትዘጋው ክፍት ይቆያል። በሦስት እግር ታቆመዋለህ። አንዱ ካሜራው ጋ ይሆናል፣ ሌላው የእጅ ባትሪ ይዞ ግድግዳውን እያበራ ይዞራል።»

«ሁለት ሰው ሊያስፈልግ ነዋ።»

«አዎ።»

ይህ «አዎ» አናደደኝ። «ታዲያ ወንድሜ የታለ? አንዱም ፎቶ ላይ የለም። ለራስህ ብቻ ነበር የምታነሳው?»

«እሱ ነበር የሚያበራው። እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ካሜራው አይይዘውም። ‹ኢብሲ› ስለው ይጀምራል። ‹ቁም፣ አንዴ ላንሳህ› ስለው እምቢ ይለኛል።»

ኢብሲ በኦሮምኛ አብራ ማለት ነው። እኔና ወንድሜ ቤት ውስጥ በአማርኛ ነበር የምናወራው። እንዲህ ያለ ቃል ከሱ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ልበል፣ ከፎቶዎቹ ይልቅ በቃሏ ቀናሁ።

ፎቶዎቹን ከፍቶ ስልኩን አቀበለኝ። አሁን ግን ተቀበልኩት። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ከታች ተነስቶ በሰፋፊው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ ይደምቃል። ወንድሜ ቤታችንን ኖራ ሲቀባም ከታች ነበር የሚጀምረው። ከላይ እየተንጠባጠበ ያበላሽበታል። ስንስቅበትም አልተወም። ክንዱን አወቅኩት።

«የቱን ልጠቅልልህ?» አለ ባለሱቁ።

«ከባዱን።»

ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሬ «የእጅ ባትሪውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው» አልኩት።

«ካሜራውም ያንተ፣ ባትሪውም ያንተ። እኔ ምን ልሁን?»

«አንተማ ድሮም የለመድከው ነው። ቁልፉን ተጫን።»