የተለቀሰበት ሣጥን

ባለፈው ሳምንት በኸሪፉ፣ በክረምቱ ዝናብ ጣሪያዬ ሲያፈስ፣ የጓዳውን ዕቃ ወደ ደረቁ ክፍል ስናግዝ ዋልን። እኔና ሰናይት ማለቴ ነው። ሰናይት ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ መጥታ እኔ ዘንድ የተጠጋች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ እዚሁ ሱዳን ተወልዳ ስላደገች ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ ነው የምታወራው። ከአልጋዬ ሥር አሥራ አራት ሣጥን አንድ በአንድ ጎትታ አወጣች። አንዱን ከፍታ ጥርሱን ያገጠጠ ሙት ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ኻልቲ፣ ዳ ሹኑ? አክስቴ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ፊልም ነው። የእኔ ነው።»

«ወላሂ፣ ማጫወቻው እንኳ የለሽም! ኻላስ፣ ይጣል በቃ።»

ይህችን ቃል ከሰናይት በፊት ብዙ ሰው ብሏታል፤ ከእሷ የባሰችውንም፣ «ይቃጠል» የምትለዋን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሥራውን አቁሜ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በገዳሪፍ ገበያ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ አለፍ ብሎ፣ ኢድሪስ የሚባል ያገራችን ሰው ፊልም የሚያከራይበት ሱቅ ነበረው፤ እዚያ እሠራ ነበር። ደንበኛው የሚፈልገው የህንድ ፊልምና ድብድብ ነው። እኔ የምወደው ግን አስፈሪውን ነበር። ለምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አሳምሬ አልመልሰውም። ወደድኩት፣ በቃ። ሌላዋ ሴት ወርቅ ትወዳለች፤ ማን «ለምን?» ይላታል?

ፊልሙን መውደዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኔ የምሰበስበው ሣጥኑን ነው። አምስት ስድስት ዲስክ በአንድ ላይ፣ ከመጽሐፍና ከሥዕል ጋር የሚገባበት፣ በቁጥር ተወስኖ የሚሠራ፣ አንዴ ካለቀ ዳግመኛ የማይታተም ሣጥን አለ። ጀርባው ላይ ስንተኛው እንደሆነ ይጻፍበታል። ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ዱባይ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመጣ ያስቀርልኛል፤ በመርከብ እስከ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ በሎሪ እስከ ገዳሪፍ ይደርሰኛል። የመጀመሪያውን የገዛሁት ባሱንዳ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርጄ ወር ሙሉ ሰሊጥ አጭጄ ባገኘሁት ነው። ሰሊጥ አጭዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል፣ ወገብ አልቃና ይላል፣ ማታ እንጀራም ኪስራም ቢቀርብ አፍ እንጂ እጅ አይታዘዝም።

እኛ ስደተኞች ከቁጥር ጋር ያደግን ነን። የመጠለያው ቁጥር፣ የራሽን ካርዱ ቁጥር፣ የሰልፉ ቁጥር። ሁሉንም የሰጠን ሌላ ሰው ነው። ይሄኛውን ቁጥር ግን ፈልጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሣጥኔ ስድስት መቶ አርባኛው ነበር፤ ስድስት መቶ አርባኛው ያለው ሰው ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የለም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እብደትም ቁጥር ወጣለት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

አሥራ አራተኛው የመጣው በኅዳር፣ አዲሱ ማሽላ ደርሶ ኪስራው በሚጣፍጥበት ሰሞን ነው። ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ሠሪዎቹ ነገሩን ለማድመቅ ብለው የሬሳ ሣጥን አስመስለውታል፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ክዳኑ ላይ መስቀል ያለበት። አስናቀ ይህን አልነገረኝም። የሎሪው ሾፌር ደግሞ አሳቢ ሰው ነበር መሰለኝ፣ አቧራ እንዳይበላው ብሎ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ በገመድ አስሮታል። ገዳሪፍ ሲደርስ እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ እሱ ግን የሰፈራችንን ስም ስለያዘ በካሮ አስጭኖ በቀጥታ ወደ ቤት ላከው።

እስቲ አስቡት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት፣ አንድ አህያ የሚጎትተው ካሮ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የሬሳ ሣጥን ጭኖ በሰፈሩ መሐል ያልፋል። ባለካሮው «የአስናቀ እናት ቤት የቱ ነው? ከዱባይ የመጣ ነው» እያለ ይጠይቃል። የአስናቀ ሚስት በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ መውለዷን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የእኛ ሰው መርዶ ያውቃል። አገሩን ለቆ ለወጣ ሰው ሞት በቀጥታ አይነገረውም፤ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው በማለዳ ይመጣሉ፣ እየተሸፋፈነ እየተድበሰበሰ ቆይቶ ይረዳል። እናቴ የወንድሟን ሞት የሰማችው እንዲህ ነው፣ የእናቷንም። ስለዚህ ሴቶቹ ማንንም አልጠየቁም፤ መጠየቁስ ነውር አይደል? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ካሮውን ተከተሉ።

ወሬውን ይዞ ሱቅ የመጣው ኢድሪስ ራሱ ነው። «ሂጂ፣ ቤታችሁ ድንኳን ተተክሏል» አለኝ። እየሮጥኩ ስደርስ እናቴ መሬት ላይ ትንከባለላለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ገበያ ላይ ጥሎ መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እትዬ ጠዋበች ደግሞ ሙሾዋን ይዛዋለች። እትዬ ጠዋበች በገዳሪፍ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ያለ እሷ ሙሾ የተቀበረ የጎንደር ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ከባሕር ማዶ መጥቶ እንግዳ ሲሆንብን፣
ስሙን ሳንጠራው ፊቱን ሸፈኑብን» ትላለች፤ ሴቱ ደረቱን ይመታል።

ሣጥኑ መሐል ላይ በምንጣፍ ተቀምጧል። ሳየው ወዲያው ገባኝ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት አልነበረም፤ «እንዴት ያምራል!» ነው ያልኩት በሆዴ። ቀጥሎ የእናቴን ፊት አየሁ። ገመዱን በጥርሴ በጥሼ፣ ጨርቁን ገፍፌ ክዳኑን ከፈትኩት። ሴቶቹ ጮኹ። ከውስጡ ስድስት ዲስክና አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ።

«እማዬ፣ ፊልም ነው! ልጁ ደኅና ነው፣ ፊልም ነው እኮ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ ጠዋበች እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ «እና እኔ ለፊልም ነው ያለቀስኩት?» አለች። አንዷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ሰፈሩን ሲቀብሩና ሲያስታርቁ ያረጁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። አሥራ አራቱም ሣጥን በሚቀጥለው እሑድ እዚሁ ይቃጠል፣ እምቢ ካለች ቤተሰቡ ከእድሩ ይሰረዛል ተባለ። ከእድር መሰረዝ አገሩ ላለ ሰው ቅጣት ነው፤ ለእኛ ግን ከቅጣትም ያልፋል። ዘመድ የለን፣ ርስት የለን፤ ስንሞት ጉድጓድ የሚምስልን፣ ድንኳን የሚተክልልን እድሩ ብቻ ነበር። አባቴን ደግሞ በዚያው ዓመት ልቡን ያመው ጀምሯል።

«ጋሽ ወርቁ፣ የተሳሳታችሁት እናንተ፣ የሚቃጠለው የእኔ ዕቃ?» አልኳቸው።

«ሞትን መጫወቻ አድርገሽ ሰፈሩን ሁሉ አስለቅሰሻል።»

«እኔ መቼ አልቅሱ አልኩ? ከፍታችሁ ብታዩት ምን ነበረበት?»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ አባትሽን ማን ይቀብረዋል?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ያ አንገት ዛሬም አይረሳኝም። ቢሆንም «አላቃጥልም» አልኩ። ድምፄን ከኋላ የተቀመጠውም ሰምቶታል።

ቤት ስንገባ አባቴ «ልጄ፣ ዕቃ እኮ ነው» አለኝ።

«ዕቃ ከሆነ ምን አደረጋቸው ታዲያ? ዛሬ ሣጥኔን ካቃጠልኩላቸው ነገ ሥራሽን ተዪ ይሉኛል፤ ከነገ ወዲያ እገሌን አግቢ ይላሉ።»

አባቴ ነገር አያበዛም። የያዘውን ቁልፍ ሰፍቶ ጨረሰ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እንግዲያስ እኔም አልሞትም» አለ። እናቴ ማማተብ ጀመረች።

ዓርብ ቀን፣ ገበያው ለጁምዓ ተዘግቶ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ እትዬ ጠዋበች ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። እኔ የመሰለኝ ልትመክረኝ ነው። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ያለቀስኩበትን ልየው» አለችኝ። «ሳላየው ያለቀስኩት ይበቃል፤ ሳላየው አላስቃጥልም።»

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳሁላቸው፣ ከዚያው ሣጥን አንዱን ዲስክ አውጥቼ ከፈትኩ። ይፈራሉ ብዬ ስጠብቅ ደሙ ሲረጭ «ኧረ ይሄስ ቀይ ሥር ነው!» ተባባሉ። ሙቱ ከመቃብር ሲነሣ እትዬ ጠዋበች ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን፣ የሚያለቅስለት አጥቶ ነው የተነሣው» አለች። በሳቅ ፈረስን።

ከዚያ ነገሩ ወደ አንዲት ልጅ ዞረ። ልጅቷ ከትንሽ ወንድሟ ጋር ክፉ መንፈስ ያለበት ቤት ውስጥ ተይዛለች። ወደ መጨረሻው ግድም በመስኮት ዘላ ታመልጣለች፤ ወንድሟ ግን ከውስጥ ቀርቷል። ሮጣ ሮጣ አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ አየች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተመልካች ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ሁለቱ ሴቶችም «አትመለሺ! ሩጪ!» እያሉ ጮኹ። እትዬ ጠዋበች ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ተመለሺ!» አለች። «ተመለሺ አንቺ ልጅ!»

ልጅቷ ወደ ቤቱ መሮጥ ጀመረች።

«አቁሚው።»

አቆምኩት። ልጅቷ አንድ እግሯ አየር ላይ እንዳለ ቀረች። እትዬ ጠዋበች ቆማ ስታያት ቆየችና፣ በእኛ ዘንድ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ነገር አወጣችው። ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ ሕፃን ሴት ልጅ አዝላለች፤ የአራት ዓመት ልጇ ትኩሳት ይዞት መራመድ አቃተው። አንድ ዋርካ ሥር አስቀመጠችው፣ ውኃ ፈልጋ ልትመለስ። መንገደኛው «አትመለሺ፣ ሁለቱንም ታጫለሽ» ብሎ እጇን ይዞ እየጎተተ ወሰዳት።

«ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚለኝ ‹ደግ አደረግሽ፣ ምን ታደርጊ ነበር› ነው» አለች። «ለሰው ልጅ ሁሉ አልቅሻለሁ። ለእሱ መርዶ የነገረኝ የለም፤ መርዶ ሳይነገር ደግሞ አይለቀስም። አንድ ቀን አላለቀስኩለትም።»

ያን ቀን ግን አለቀሰች። ሙሾ አልነበረም፤ ግጥምም አልነበረው። እኛም አብረናት አለቀስን።

እሑድ ከኒሙ ሥር ጋዝና ክብሪት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ባዶ እጄን ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ስሜን ሲጠሩ እትዬ ጠዋበች ቀድማኝ ተነሣች።

«መጀመሪያ እኔን ሰርዙኝ» አለች።

«ምን ነካሽ ጠዋበች?»

«ምንም አልነካኝ። የዚህች ልጅ ዕቃ ከተቃጠለ ከዛሬ ጀምሮ ሙሾ አላወርድም። ሬሳችሁን ዝም ብላችሁ ቅበሩ።»

ሁለቱ ጎረቤቶቿም ተከትለዋት ተነሡ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሰው አገር፣ ያለ አልቃሽ፣ በዝምታ መቀበር ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሳያስብ አልቀረም። ሲያንሾካሽኩ ቆይተው «እንግዲህ ሣጥኑ ከቤት እንዳይወጣ» ብለው ፈረዱ። ድሮስ የት ሊወጣ ነበር? ጋዙን ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። አባቴም እንዳለው ቶሎ አልሞተም፤ ብዙ ዓመት ኖሮ ሲያርፍ እድሩ ቀበረው፣ ሙሾውን እትዬ ጠዋበች አወረደችለት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጠዋበች አልፎ አልፎ በዓርብ ብቅ ትል ነበር። «ያቺን ልጅ አሳዪኝ» ትለኝ ነበር። ከመጀመሪያው ማየት አትፈልግም ነበር፤ የምትፈልገው ልጅቷ አስፋልቱ ጋ ስትቆም ነበር። ዞራ መሮጥ ስትጀምር አቆምላት ነበር። እያየቻት አልቅሳ ይወጣላትና፣ ከርከዴዋን ጠጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትሄድ ነበር።

ሰናይት ይህን ሁሉ ሰምታ «ኻልቲ፣ ልጅቷ ግን ወንድሟን አገኘችው?» አለችኝ።

ለእሷ እውነቱን ነገርኳት። አላገኘችውም። ገብታ ሳትወጣ ቀረች፤ ፊልሙ የሚያልቀው እንዲህ ነው። እትዬ ጠዋበች ግን ይህን ሳታውቅ ነው ያረፈችው። አንድ ቀን ብቻ፣ በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር «አገኘችው አይደል?» አለችኝ። «አገኘችው፣ ይዛውም ወጣች» አልኳት። ዋሽተሻል የሚለኝ ካለ ይበል፤ አይቆጨኝም። ብትጠይቀኝ ዛሬም እደግመዋለሁ። ሠሪዎቹ በቁጥር በሠሩት በሌላው ሣጥን ሁሉ ፊልሙን እንደ ፈቀዳቸው ይጨርሱት። በእኔ ቤት ባለው ሣጥን ውስጥ ግን ልጅቷ ወንድሟን ይዛ ወጥታለች።