ጋቢ ለብሶ ሞጣ የገባው ሞተር

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ሰው ሞቶ የማይሰማውን የራሱን ለቅሶ እኔ በቁሜ፣ ዝናብ እየደበደበኝ ሰምቼዋለሁና አልረሳውም። የዚያን ቀን የተናደድኩትን ያህልም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ተናድጄ አላውቅም። ዕድሜዬ ገፍቶ እንኳ ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

የተወለድኩት ሐረር ነው። ጎጃም የሄድኩት ተመድቤ ሲሆን ስለ ጎጃም ክረምት አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሐምሌ ሲገባ ልብስ አይደርቅም፣ ጫማ ይሻግታል፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ይሆንና እስከ መስከረም መኪና አይታሰብም። አለቃችን ግን ከየት እንዳገኘው እንጃ አንድ ሞተር ሳይክል አስመጣና "ከእንግዲህ በቅሎ መለመን ቀረ" ብሎ ለእኔ አስረከበኝ።

በደረቅ መንገድ ደህና ሞተር ነበር። ዝናብ ሲነካው ግን ካንዴላው ይረጥብና ቀጥ ይላል። ይህንን ለአለቃችን ስነግረው "አያያዝህ ነው" ይለኝ ነበር። እሱ አንድም ቀን ተቀምጦበት አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ከሞጣ ስልክ ተደወለ። የሞጣው ድሬሰር ግርማ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። አንዲት አራስ ሴት ከባድ ትኩሳት ይዟት በቃሬዛ እንደመጣች፣ ፔኒሲሊን እንዳለቀበትና ዛሬውኑ መርፌ ካላገኘች እንደማትተርፍ ነገረኝ።

"ቤተሰቦቿ በቤቷ ትሙት፣ ይዘናት እንሂድ እያሉኝ ነው" አለ። "አንተ ትመጣለህ ብዬ ነው የያዝኳቸው።"

"መጣሁ በላቸው" አልኩት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ የክረምት ስልክ እስከዚያም መቆየቱ ደግ ነው።

መድኃኒቱን፣ የተቀቀለውን ሲሪንጅና መርፌዎቹን በቆርቆሮ ሣጥን ከትቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩ። በቅሎ ይፈለግልኝ ብል አለቃችን "ሞተር እያለ?" አለኝ። ሰማዩን በእጄ አሳየሁት። እሱ ግን ሰማዩን ሳይሆን እጄን አየና ወደ ቢሮው ገባ።

ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ያለውን መንገድ ባልተርከው ይሻለኛል። የመረሬ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እየተጠቀጠቀ ጎማው አልዞር ይላል። ትንሽ እነዳና እወርዳለሁ፣ ጭቃውን በእንጨት እፍቃለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ፣ እወድቃለሁ። የዝናብ ካፖርቴ አንዱ አወዳደቅ ላይ ከብብቱ እስከ ጫፉ ተተረተረ። በውነቱ እኔ ሞተሩን የገፋሁትን ያህል ሞተሩ እኔን አልተሸከመኝም። በየመሀሉ ደረቴን እየዳበስኩ ሣጥኑ ደህና መሆኑን አያለሁ፤ ያቺን የማላውቃትን ሴት እያሰብኩ ደግሞ እጣደፋለሁ።

ደብረ ወርቅን አልፌ ብዙ ከሄድኩ በኋላ አንድ ወንዝ ገጠመኝ። የሚሻገሩ ሰዎች ስላየሁ ይቻላል ብዬ ገባሁ። መሀል ላይ ስደርስ ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ሰው አሳለና ጠፋ። ውኃው ሊገለብጠን ሲል ማዶ የነበሩት ሰዎች ጠፍር ወርውረው እኔንም እሱንም ጎትተው አወጡን። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግኩት፣ ፔዳሉን እግሬ እስኪዝል መታሁት። አልተነሳም።

ካወጡን ሰዎች አንዱ የቀዬው ጭቃ ሹም አያ ቢያድግልኝ ነበሩ። ረጅም፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው።

"አያ ቢያድግልኝ፣ ሞተሩን እናንተ ዘንድ ልተወውና በእግሬ ልሂድ" አልኳቸው። "ሞጣ ላይ ይህን መድኃኒት የምትጠብቅ አራስ አለች። ካልደረስኩላት ትሞታለች።"

ሞተሩን እንደ ተናካሽ ውሻ ራቅ ብለው ተመለከቱት። "ይሄ የመንግሥት ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያስ እኛ ዘንድ አያድርም።"

ምክንያታቸውን አስረዱኝ። ከሞተሩ አንዲት ብሎን ብትጠፋ አገሩ በሙሉ አውጫጪኝ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ንብረት ሲሰረቅ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የቀዬው ሰው ሽማግሌ ሳይቀር ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውላል፤ እርሻ የለ፣ ቤት የለ። "ለአንድ ወይፈን ተቀምጠን ዘር አምልጦናል" አሉ። "ለዚህ ብረትማ ዓመቱን ሙሉ ያስቀምጡናል።"

"እንግዲያው ወንዙ ዳር ይቅር።"

"ወንዙም የኛ ነው" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

ጥያቸው ለመሄድ ተነሳሁ። መንገዴ ላይ ቆሙ። "አንቱም ከንብረትዎ አይለዩ። ዕቃ ጎደለ ቢባል ማን ይመሰክርልናል? በመኪናው መንገድ ላይ ደግሞ ጎርፍ አለ፣ ብቻዎን አይሻገሩትም። አቋራጩን እኛ እናውቃለን። እርስዎንም ይህንንም አንድ ላይ ሞጣ እናገባችኋለን።"

ጮህኩባቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ስጨርስ ቃሬዛ እንዲመጣ አዘዙ።

የመጣው ቃሬዛ የቀዬው ሰው በሽተኛና ሬሳ የሚሸከምበት ነው። ሞተሩን አጋደሙና በጠፍር ጥፍር አድርገው አሰሩት። ይህም አልበቃ ብሎ አንዱ ጋቢውን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አለበሰው።

"ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" አልኩ።

"ዝናብ እንዳይገባበት።"

"ከወንዝ ውስጥ አይደል እንዴ የወጣው?"

"ይሁን፤ ኋላ በናንተ ሸክም ነው የረጠበ ይሉናል።"

ነጩን የሞተር ቆቤንም እንዳይጠፋ ብለው ጋቢው ላይ፣ በራስ በኩል አሰሩት። በዚያ አገር እንደዚያ ያለ ቆብ የማደርገው እኔ ብቻ ነበርኩ። ካፖርቴ መተርተሩን አይተው አዘኑልኝና ለእኔ ገሳ አለበሱኝ፤ ከሣር የተሠራ፣ ገበሬው ሁሉ በክረምት የሚደርበው የዝናብ መከላከያ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሞተሩ ሬሳ መሰለ፣ እኔ ደግሞ ገበሬ መሰልኩ።

አቋራጩ እውነትም አቋራጭ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሰዎቹ እየተቀያየሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲበሩ እኔ ከኋላ እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ። የሚያጋጥመን ሰው ሁሉ ግን እንደ አገሩ ልማድ ሥራውን ጥሎ ይመጣና ለቃሬዛው ትከሻውን ይሰጣል። ሞተር መሆኑን ሲሰማ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ያስረዱ ነበር። አቀበቱ ሲጠና ግን የሚናገርበት ትንፋሽ የተረፈው ሰው አልነበረም።

አንዱ ጉብታ ላይ በበቅሎ የሚሄድ ጃንጥላ የያዘ ሰው አየን። ከበላያችን፣ በሌላ መንገድ ላይ ነበር። እኛን ሲያይ ከበቅሎው ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀና ዝናቡ ራሱን እየመታው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው ብዬ እኔም እጅ ነሳሁት። ተመልሶ በቅሎው ላይ ወጣና በሶምሶማ ወደ ሞጣ ሄደ።

ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ያ ሰው አፉን ከፍቶ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ መድኃኒቱን በበቅሎው ልኬ ቶሎ በደረሰ ነበር። እኔም አልጠራሁት፣ እሱም አልጠየቀም።

ወደ ሞጣ ስንቃረብ፣ ከአንድ ጥምዝ ላይ፣ ሌላ ቃሬዛ ከፊታችን መጣ። እሱም ጋቢ ተሸፍኗል። የእኛዎቹ ወዲያው ቃሬዛቸውን አሳርፈው ራሳቸውን ገለጡ። ወዲያኛዎቹም እንዲሁ አሳረፉ። ከመሀላቸው የነበሩ ቄስ አማተቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ንዴቴ ራሴ ላይ ወጥቷል። ደግሞ ለቅሶ ልንቆም ነው? ሴትዮዋስ?

ያኔ አንድ ወጣት ገበሬ ከወዲያኛዎቹ ተነጥሎ መጣና ቃሬዛችን አጠገብ ተንበረከከ። ነጩን ቆብ በሁለት እጁ ያዘው።

"ወንድሜ" አለ። "አይ ወንድሜ፣ ለማታውቀኝ ለኔ ብለህ ውኃ በላህ? አገርህ ሩቅ፣ እናትህ አልሰማች፣ ማን ያልቅስልህ?"

ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንቱ ሲለኝ ኖሮ፣ ስሞት ግን ይኸ የማላውቀው ሰው አንተ እያለ አለቀሰልኝ። ገሳዬን እንደለበስኩ ከኋላው ቆምኩ። የሚያለቅሰው ለእኔ እንደሆነ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው።

አያ ቢያድግልኝ ጎንበስ ብለው "ጎበዝ፣ ይሄ ሞተር ነው" አሉት።

አልሰማቸውም። እኔ ትከሻውን ይዤ "ማን ነህ? ቃሬዛው ላይ ያለችው ማን ናት?" አልኩት።

"ሚስቴ ናት" አለ ቀና ሳይል። "አራስ ናት። መድኃኒት ይዞላት ሲመጣ ይኸ ሰው ሞተ። እኛም ወደ ቤቷ ልንወስዳት ነው።"

"በሕይወት አለች?"

"ትንፋሽ አላት።"

ገሳውን አሽቀንጥሬ ጣልኩት። "እኔ አልሞትኩም" አልኩ። "ተነሱና ጋቢ ዘርጉልኝ።" ሞተሩን የሸፈነውን ጋቢ ራሴ ገፈፍኩት። የሞተሩ መሪ ብቅ ሲል ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሲያለቅሱ የነበሩት ሰዎች ያንኑ ጋቢ አራቱን ጫፍ ይዘው እንደ ድንኳን ወጠሩልን። ሴትዮዋ ዓይኗ ተከድኗል፣ ገላዋ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ሣጥኑን ስከፍት አንድ ጠብታ ውኃ አልገባበትም ነበር። መድኃኒቱን በጠበጥኩና ወጋኋት። ባሏ እግሯን ይዞ አንዴ እኔን አንዴ ቆቡን ያያል።

ወደ ሞጣ መለስናት። አያ ቢያድግልኝ ያኔም ሞተሩን አንተውም አሉ፤ ፊት ሴትዮዋ፣ ኋላ ሞተሩ ሆነን ገባን። ከተማው አፋፍ ላይ ሬሳ ሊቀበል የወጣ ሰው ቆሞ ነበር። ግርማ ዓይኑ አብጦ ከፊት ተቀምጧል። ሲያየኝ አቀፈኝ፣ ቀጥሎ ገፈተረኝ፣ ቀጥሎ ተሳደበ። ባለ በቅሎው የታወቀ ነጋዴ ኖሯል፤ ነጩን ቆቤን ቃሬዛው ላይ አይቶ፣ ድሬሰሩን ውኃ በላው ብሎ ለከተማው የተናገረው እሱ ነው። "ሬሳውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እጅም ነስቼዋለሁ" ስላለ የተጠራጠረው ሰው የለም። ግርማ ስልኩ ተቆርጦ ማጣራት አልቻለም፤ የሴትዮዋንም ቤተሰቦች ከዚያ በኋላ የሚይዝበት ምክንያት አላገኘም።

ነጋዴውን ከቀናት በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ብሶ ተቀየመኝ። "ሬሳ ሳይኖር ቃሬዛ ማን ይሸፍናል? በአገር ፊት ዋሾ አደረጋችሁኝ" ብሎኝ ሄደ። አለቃችን ደግሞ ስልኩ ተቀጥሎ ሁሉንም ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሞተሩስ?" ብሎ ነው።

ሴትዮዋ ዳነች። መርፌዋን ጨርሳ ልጇን ይዛ በእግሯ ወጣች። ባሏ ሊያመሰግነኝ ሲመጣ አፍሮ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ያን ቀን አንተ ብሎ ያለቀሰልኝ ሰው ያኔ ተመልሶ አንቱ አለኝ።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እኔ ሴትዮዋን በመልክ አላውቃትም፣ እነሱም እኔን አያውቁኝም። ያ ሰው የራሱ በሽተኛ በምትሞትበት ሰዓት "የሰው ሬሳ ነው፣ እኛ የራሳችን አለን" ብሎ ቢያልፍ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እኔም ሞጣ፣ እሷም ቤቷ እንገባ ነበር፤ እሷ ትሞት ነበር። ሚስቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ለአንድ የሐረር ሰው ሊያለቅስ ቆመ።

በአለቃዬ፣ በሞተሩ፣ በነጋዴው፣ በአያ ቢያድግልኝም ሳይቀር እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ ሲያሻኝም ብቻዬን እጣላቸዋለሁ። ያኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክንብኝ የመሰለኝ ግን ያ የሚያለቅስ ሰው ነበር። በሱ ለመናደድ ብዙ ሞክሬያለሁ። እናቴ የሞተች ቀን ሐረር ላይ ለቅሶ ተቀምጬ፣ "እናትህ አልሰማች" ያለው ድምፁ ትዝ አለኝና እንደገና አለቀስኩ።