በላም የተገዛ አምፕሊፋየር

ያ አምፕሊፋየር ቤታችንን ያስወጣው አንድ የምትታለብ ላም፣ አንድ ግሮሰሪና አባቴ በሰፈሩ የነበረው ከበሬታ ነው። ዛሬም መገናኛ ባለችኝ የድምፅ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ተከፍቶ የጋለ አቧራና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። ሽታው ጎሮ የነበረውን ቤታችንን፣ የአጎቴን የጌቱን ርካሽ ሽቶና የአባቴን ዝምታ ጠቅልሎ ያመጣብኛል። እኔም ወጥቼ በር ላይ እቆማለሁ፤ ደንበኛ ካለ ደግሞ ፈገግ እላለሁ፣ ምን ላድርግ።

ቤታችን ፊቱ ግሮሰሪ፣ ጀርባው መኖሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦቃ የምንላት ላማችን በረት ነበር። ስፒከሮቹን አባቴ ከአንድ የፈረሰ አዳራሽ በርካሽ ገዝቷቸው፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ስለነበሩ በሩን ነቅሎ ነው ያስገባቸው። የእንዲህ ዓይነት ስፒከር ጠባይ ልዩ ነው፤ ቅንጣት ኃይል ሲሰጡት ብዙ አድርጎ ይመልሳል፣ የሚሰጠው ኃይል ቆሻሻ ካለበት ደግሞ ቆሻሻውንም አጉልቶ ይናገራል። ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረንም፤ በዕድል ብቻ ከአንዲት አሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝተናቸው፣ ቴፗም ከአቅሟ በላይ ሳትጨነቅ ቤቱን ትሞላው ነበር።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጠጪዎቹ ጃኬታቸውን እያራገፉ ገብተው፣ ዘፈኑ ከወሬው በታች ሆኖ ይቀጥል ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከግራው ስፒከር ሥር ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ደምሴ፣ ዝቅ አድርጋት፤ ሰው ይሰማበት» ይል ነበር፤ አባቴም ዝቅ ያደርጋት ነበር። ግሮሰሪያችን ሰው ይዞ የኖረው በዚህ ነው፤ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻል ነበር። እኔ ከግድግዳው ጀርባ ተኝቼ ማን እንደሳቀ፣ ማን ሂሳብ እንደጠራ እየለየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

መስከረም ላይ ጌቱ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ድለላ፣ መሬትም ይሁን መኪና፣ ሚስት ፈልግልኝ ያለው ቢገኝም እምቢ የሚል አልነበረም። ገና ከመግባቱ ቴፗን በጣቱ ነካ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ አታፍርም? ዝሆን አስረህ በጭልፋ ትመግባለህ?» አለ። ጠጪው ሳቀ። አባቴ ድህነቱን ይችለዋል፣ ሳቅ ግን አይችልም ነበር።

በማግስቱ ዕቃ ሊመርጡ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር፣ የቴፕ ድምፅ ተቀብላ ለስፒከር የምታጎላ ሣጥን፣ ከፈተልን፤ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማ ነበር፣ አባቴም ፊቱ በርቶ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ስንት ዋት ናት?» አለ ጌቱ።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት! የፍሪጃችን አምፖል ይበልጣታል እኮ!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፣ የአባቴ አንገትም ቀና አለ። ጌቱ ወዲያው ፊቷ ላይ መብራት የሚጨፍርባት፣ አራት መቶ ዋት የተጻፈባት ጥቁር ሣጥን ወዳለችበት ጎትቶት፣ «ና አንሳት! ክብደቷን እያት! ዕቃ ማለት ይቺ ናት» አለው። ድምጿን ልስማ ያለ ሰው አልነበረም። አባቴ አነሳት፣ ወገቡን ያዘ፣ ወደዳት። እሱ ሐብሐብ የሚመርጠውም እንደዚያው ነበር። ቦቃ በዚያው ሳምንት ተሸጠች። ጌቱ ከላሟም ከአምፕሊፋየሩም ኮሚሽን እንደበላ የገባኝ እኔ ራሴ ነጋዴ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያጸየፈኝ መብላቱ አልነበረም፣ ላሟ ስትወጣ አንገቷን አቅፎ «አይዞሽ» ማለቱ ነው።

በጋውን ሙሉ ቤታችን ሽሽሽ ሲል ከረመ። ዘፈኑ ሲቆም ሽሽሽ ማለቱ አይቆምም፤ ስፒከሮቹ የሣጥኗን ቆሻሻ አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩን ነበር። ማዞሪያዋ ደግሞ መሐል የላትም፤ በፀጉር ስፋት ዝቅ ስትል ድምፁ ይጠፋል፣ በፀጉር ስፋት ከፍ ስትል መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። ጋሽ ወርቁ «ደምሴ፣ ይቺ ነገር ጆሮዬ ሥር እየተነፈሰች ነው» ብሎ መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ ወንበሩን እየጎተተ ሸሸ፤ ሌሎቹም ሂሳባቸውን ቶሎ ቶሎ መክፈል ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ለምን ሻያችን ወተት እንደሌለው ስንጠይቅ እናቴ፣ «ወተቱ ግሮሰሪ አለ፣ እየጮኸ ነው» ትለን ነበር፤ አባቴ እየሰማ።

ፋሲካ አልፎ ሰርግ ሲበዛ፣ መብራትም በፈረቃ ሆነ። አንድ ምሽት ጌቱ ያመጣው የሰርግ ዘፈን ካሴት እየተጫወተ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሰውም በጨለማ ተበተነ፣ ቴፗን ያጠፋ፣ ሣጥኗን የዘጋ ግን አልነበረም። ያን ሌሊት ጋሽ ወርቁ ሞተ።

ጠዋት ከቤታችን ፊት ለፊት ድንኳን ተተከለ፣ አባቴ ግሮሰሪውን ዘግቶ ከእናቴ ጋር ወደ ቀብር ሄደ፣ እኔ ቤት እንድጠብቅ ቀረሁ። ጌቱ ግን አምፕሊፋየሯን ለሰርግ ማከራየት አስቦ ኖሮ አንድ ጓደኛውን በጓሮ በኩል ይዞ ገባና፣ መደርደሪያው አናት ላይ ያለችውን ሣጥን ተንጠራርቶ፣ «ማዞሪያዋን እያት፣ እንደ ቅቤ ነው የምትሄደው» እያለ እስከ መጨረሻ አዞራት። ድምፅ የላት፣ መብራት የለ። እንዳዞራት ትቷት፣ ፊቱን አሳዝኖ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ሰዓት መብራት መጣ።

አራት መቶ ዋት ለእነዚያ ስፒከሮች ተሰጥቶ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ሙሽራዬ የሚለው ዘፈን መስኮቶቻችንን አርገፍግፎ፣ የጋሽ ወርቁን ድንኳን ሰንጥቆ፣ ባለቤቱን እትዬ አልጋነሽን በተቀመጡበት መታቸው። እልልታው ብቻውን ሰፈር ያዳርሳል። አባቴ ሮጦ ገብቶ ገመዱን ነቀለ፤ ያኔ ነው ያ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን የሞላው። ጌቱ ተከትሎት ገባ፣ ጓደኛውም ከኋላው ሆኖ በየዋህነት «ቅድም ያሳየኸኝ ናት እንዴ?» አለ። አባቴ ሰማ። ሲሰማ አይቼዋለሁ።

«ልጁ ነው፤ ጠዋት ሲነካካት አይቼዋለሁ» አለ ጌቱ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

አባቴ ወደ መደርደሪያው አናት ቀና አለ፣ ወደ እኔ ቁመት ዝቅ አለ። እጄ እንደማይደርስባት ልኬቱን የጨረሰ መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «አንተ ልጅ ነህ፣ ለአንተ ይተዉልሃል» አለኝና ከግቢያችን ድንጋይ አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጫነ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያደርገው አጎንብሼ በለቀስተኛው መሐል አለፍኩ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ፣ «ለዕቃ ብለህ ልጄን ድንጋይ አሸከምከው?» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እትዬ አልጋነሽ ድንጋዩን በራሳቸው እጅ አወረዱልኝ። ጠጋ ብለውም፣ «አንተስ አትደርስባትም፤ የላከህን ግን እዚህ ደጅ እንዳላየው በለው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ፣ ግሮሰሪው ውስጥ ግን ጃኬት የሚያራግፍ አልመጣም። ማዞሪያዋን ያዞራት ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የጠሉትም ዘፈኑን ሳይሆን ድንጋዩን ነው። አባቴ መስከረም ሳይጠባ ግሮሰሪውን ዘጋው።

አሁን ጌቱ ቦሌ ቡልቡላ ፎቅ ሠርቷል። ባለፈው ለሳሎኑ ዕቃ ሊገዛ ሱቄ መጥቶ፣ ያንኑ ሽቶ ተቀብቶ፣ ስፒከሮቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ሳይነግረኝ «ስንት ዋት ነው?» አለኝ። ስፒከሮችህ በትንሽ ኃይል የሚጮኹ ከሆኑ ትንሽና ንጹሕ አምፕሊፋየር ውሰድ የሚለውን ምክር ለማንም እሰጣለሁ፤ ለእሱ ከባዷን አነሳሁለት። ክብደቷን በእጁ መዝኖ፣ ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ።

የአባቴን ስፒከሮች ቤቴ አስገብቻቸዋለሁ፤ በሩን እኔም ነቅዬ ነው። ከአሥራ ሁለት ዋት አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቻቸው፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። አባቴ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ከግራው ስፒከር ሥር ይቀመጣል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ዝቅ አድርጋት» ይለኛል፣ ዝቅ አደርግለታለሁ፣ ወተት ያለው ሻይም አቀርብለታለሁ። ላሟ የለችም። ግሮሰሪው የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። ስለ ድንጋዩ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረኝም።