ጎርጎራ ላይ የተፈታው ገመድ

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የደረጀን ድምፅ በሬዲዮ ሰማሁት። ስሙ ሳይጠራ ነው ያወቅሁት፤ "ምጽዋ እያለሁ" ብሎ ወሬ የሚጀምር ሌላ ሰው አላውቅም። ጋዜጠኛዋ "አንጋፋው ጠላቂያችን" ትለዋለች። እሱም ጣና ውስጥ የሰጠመ መርከብ ሲመረምር ጓደኛውን እንዴት ከሞት እንዳወጣው ይተርካል። ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ "ወንድ ማለት እንዲህ ነው!" አለ። እኔ መስኮቱን ከፈትሁ።

እዚያ ነበርሁና።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ጎንደር ላይ የጠላቂዎች ክበብ ነበረን። ባሕር በሌለበት ደጋ የጠላቂ ክበብ ማቋቋም እንደሚያስቅ ማንም አልነገረን፤ ቢነግረንም አንሰማም ነበር። ከአባላቱ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ዋና የለመድሁት በልጅነቴ ጎርጎራ አክስቴ ዘንድ ስከርም ነው። ደረጀ ሊቀመንበራችን ነበር። የጎማ ልብስና የእግር ክንፍ የነበረው እሱ ብቻ ሲሆን፣ ለሊቀመንበርነትም ያበቃው ይኸው ልብስ ይመስለኛል። የምንለማመድበት ሆቴል መዋኛ ዳር ቆሞ ስለ ቀይ ባሕር ሲያስተምረን ይውላል እንጂ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያየሁት አልፎ አልፎ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎርጎራ አጠገብ ሰጥማ የቀረችውን የብረት መርከብ ልናይ ተነሳን። በጣሊያን ጊዜ ዕቃ ታመላልስ ነበር ይሏታል። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ስንወርድ ሜዳው በሽንብራ እሸት አረንጓዴ ለብሷል። መኪናው በቆመ ቁጥር እሸት በእቅፍ እየገዛን፣ ጨው ጨው የሚለውን ልጣጭ እየላስን፣ በአቧራ ነጭ ሆነን ደረስን። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰይድ ነበር፤ አባቱ ጎንደር ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። ብዙ አይናገርም፤ እሸቱን እየፈለፈለ ፍሬውን ለኔ ያቀብለኛል።

ጀልባውን የያዙት አያ ተገኘ የሚባሉ የአገሩ ሰው ነበሩ። መርከቧ ካለችበት ስንደርስ ደረጀ ሕጉን አወጀ፤ ሁለት ሁለት ሆነን በአንድ ገመድ ወገባችንን ታስረን እንገባለን፣ አንዱ ሁለቴ ከጎተተ ሌላው ሊረዳው ይሄዳል። ሕጉ ጥሩ ነበር። መጀመሪያ እሱና ሰይድ ገቡ። ትንፋሻቸውን ይዘው ወረዱ፣ ወጡ፣ እንደገና ወረዱ።

ከዚያ ደረጀ ብቻውን ወጣ። ጀልባው ላይ ተንጠላጥሎ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

"ምነው፣ ያኛውስ ልጅ?" አሉ አያ ተገኘ።

"ከኋላዬ ነው፤ ይመጣል።"

ውሃውን አየሁ። አረፋ እንኳ የለበትም። የደረጀን ወገብ አየሁ። ገመድ የለበትም።

ዘልዬ ገባሁ። የጣና ውሃ ከአንድ ክንድ በታች ሻይ ይመስላል፤ ዝቅ ሲሉ ምንም አይታይም። ብረቱን እየዳበስሁ ስወርድ ልስልስ ጭቃ ነካሁ፤ ከዚያ ልቅ የሆነው የገመዱ ጫፍ እጄ ላይ ተጠመጠመ። እሱን ተከትዬ ሄድሁ። ገመዱ ሰይድ አጠገብ በተጣጠፈ ብረት ሥር ተቀርቅሮ ነበር። ሰይድ ሲነካኝ ክንዴን ጨመደደው፤ ሁለታችንም የምንቀር መሰለኝ። ከወገቡ ላይ ቋጠሮውን እንዴት እንደፈታሁት ዛሬም አላውቅም። ስንወጣ አያ ተገኘ በሸሚዙ ጎትተው ጀልባው ላይ ጣሉት። ውሃ አስታወከ፤ ተነፈሰ፤ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

ደረጀ ዞር ብሎ "ገመዱ ተበጠሰብኝ" አለ።

ልቅ የሆነው ጫፍ አሁንም እጄ ላይ ነበር። አልተበጠሰም። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ገና እንደተጣጠፈ ነው፤ ጫፉም ደህና ነው። አነሳሁና "ፈትተኸዋል" አልሁት።

"ተደናግጠሻል፤ ተረጋጊ" አለኝ፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚናገረው።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሰው ተሰበሰበ፤ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ደረጀ ትልቁን ዓሣ ወደ ራሱ አስጠግቶ፣ ጣቱን እየላሰ፣ ሰይድን ከብረቱ ሥር እንዴት መንጭቆ እንዳወጣው አወራ። ሰይድ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። የክበቡን አባላት አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ሎሚ ይጨምቃል፤ አንዱ አጥንት ይለቅማል፤ አንዱ ጭራሽ "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ተይ እንጂ፣ የክበቡ ስም ነው" አለኝ። ስም! ለመዋኛ የማይበቃ ድፍረት ያላቸው ሰዎች ስም ነበራቸው!

ሰይድን ይዤ ተነሳሁ። እሸት የጫነ መኪና ለምነን እጭነቱ ላይ ተቀምጠን ተመለስን። ሁለታችንም ወደ ክበቡ አልተመለስንም፤ ክበቡም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ከሚኒባሱ እንደወረድሁ ሰይድ ሱቅ ሄድሁ። ዛሬ የአባቱን ንግድ የያዘ ሽበታም ሰው ነው። ሬዲዮውን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ሰምቻለሁ" አለና ሳቀ። "ተይው እህቴ። እዚህም ይመጣል እኮ። ሻይ አዝዝለታለሁ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን።" ጨርቁን አጠፈ። "ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስቶልኝ አያውቅም።"

ስለ ፍርሃቱ አልፈርድበትም። እኔም ያን ዕለት ፈርቻለሁ፤ ውሃ ማንንም ያስፈራል። እስከ ዛሬ የምንቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። ታሪኩን ለአገር ሁሉ በሬዲዮ ይናገራል፤ ሻዩን እየጠጣ ፊት ለፊቱ ለሚቀመጠው ለዚያ አንድ ሰው ግን ሊነግረው አይችልም። ሰይድ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀም ስኳር ይጨምርለታል።

እኔ ስኳሩን አልጨምርለትም።