በቀዩ ጌም ላይ የማልኩት ወላሂ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም፣ መስጊድ ውስጥ ጎኔ ለሚቆመው ሰው አልነገርኩም። አንድ ሰው ብቻ እንደሚያውቅ ነግሮኛል፤ እሱም ከኔ አፍ ሰምቶ ሳይሆን በራሱ መንገድ ደርሶበት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንገዳገድ ታገሱኝ፤ ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ።

ስሜ እንድሪስ ነው፤ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። በሐሰት ምያለሁ። እጄን ወደ ላይ አንስቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ወላሂ ብያለሁ። የማልኩት በመሬት ድንበር አይደለም፣ በጠፋ ከብትም አይደለም። በኮምፒውተር የኳስ ጌም ነው። ሳቃችሁ? እኔም እስቃለሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ነገሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ከፋብሪካ በጡረታ የወጣሁት ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ያለችውን አንዷን ክፍሌን ጌም ቤት አደረግኋት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ «መሳደብ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ፤ በቃ። እኔ ስለ ጌም የማውቀው አልነበረም። ጎረምሶቹ ሲስቁ መስማት ግን እወድ ነበር። ዕድሜ ልኩን የማሽን ጩኸት ለሰማ ጆሮ ያ ሳቅ መድኃኒት ነው።

ከበሬ ቀጥሎ ታደሰ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ታደሰ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም፤ በፋሲካ ለኔና ለቤተሰቤ ለብቻ የሚታረደውን ሙክት እሱ ግቢ ገብቼ ራሴ ነኝ የማርደው። በወጣትነቱ ለኮምቦልቻ ልጆች የኳስ ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወት ነበር። አዘላለሉን አይተው ፌንጣ አሉት። ሁለት ዓመት ብቻ ተጫወተና ደሴ ላይ ጉልበቱን ተመታ፤ በዚያው ቀረ። ያኔ ሜዳ ላይ ካሜራ ይዞ የሚቆም ማን ነበር? ኳስ ሲጫወት የተነሳው አንድ ፎቶ እንኳ የለውም።

የሚስቱ ወንድም ጌታሁን ደሴ መናኸሪያ ነው የሚሠራው። በዓል ሲመጣ ብቅ ይልና ያንኑ ነገር ያነሳል። «ፌንጣ ፌንጣ ትሉታላችሁ እንጂ ይሄ ሰውዬ እኮ ውሃ አቀባይ ነበር!» ይላል። ቤተ ዘመዱ ይስቃል፣ ታደሰም ይስቃል። የታደሰ ሳቅ ግን ከጥርሱ አልፎ አይገባም ነበር። እኔ አውቀዋለሁ።

በሰፈራችን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የነበራት ዘሀራ የምትባል ልባም ልጅ ነበረች። አንድ ቀን መጥታ እኔ ጋ ባለው ጌም ላይ የኮምቦልቻን ቡድን ጨመረችበት። ጎረምሶቹ ይህን ዓይነቱን ጭማሪ ሞድ ይሉታል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡትን ሰው፣ ያላሰቡትን ማሊያ ታስገባበታለህ። ዘሀራ ታደሰ በወጣትነቱ ፎቶ ቤት የተነሳውን ጉርድ ፎቶ ወሰደች፤ ጎፈሬው እንዳለ፣ ጢሙ እንዳለ። አስራ አንድ ቁጥር ሰጠችውና ጀርባው ላይ በላቲን ፊደል ፌንጣ ብላ ጻፈች። በግራ እግሩ እንዲመታ ሳይቀር አስተካከለችው።

ታደሰ ራሱን ሲሮጥ ያየበትን ቀን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። መቀሱን እንደያዘ ነው የገባው። አግዳሚው ሥር እግሩ የስፌት መኪና እንደሚረግጥ ይሠራል። ፌንጣ ኳሷን ይዞ በመስመሩ ሲበር ብድግ አለና ትከሻዬን ያዘኝ።

«እንድሪስ! ጉልበቱን አየኸው? ደህና ነው እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ከአስር ሶላት ስመለስ ታደሰ አግዳሚው ላይ ነው። ጎረምሶቹ «ጋሽ ታደሰ፣ ዛሬ ስንት ላግባልዎት?» ይሉታል። መብራት ሲጠፋ «ለፌንጣ ዕረፍት ነው» ይላል። ከዚያ በላይ ደስታ የነበረበት ቤት በኮምቦልቻ አልነበረም፤ እኔ አላየሁም።

ዘሀራ አግብታ ወደ ሰመራ ስትሄድ ልትሰናበተኝ መጣች። «አባ እንድሪስ፣ አደራ» አለችኝ። «ይሄ ጌም አዲስ እየተባለ እንደገና ይወጣል። ስሙ ያው ነው፤ እኔ የጨመርኩት ግን አዲሱ ላይ አይሠራም። እኔን ሳይጠይቁ እላዩ ላይ እንዳይጭኑበት።» እሺ አልኳት። አደራ በላሁ ማለት ከባድ ነው። እኔ ግን በልቻለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ። አዲሱ አለው ተባለ። ጎረምሶቹ አንድ ሁለት እያሉ መሻገር ጀመሩ፤ ሳቁም አብሯቸው ተሻገረ። እኔ ቀናሁ። በስተርጅና ቅናት! ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ፒያሳ ወጣሁ። የኔው ጌም ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር፤ ሻጩ ቀዩን አነሳልኝ። «አባባ፣ ያው ጌም ነው፤ ሳሩን አሳምረውታል፣ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል» አለኝ። እኔም በልቤ አንድ መጽሐፍ ሁለተኛ ቢታተም ታሪኩ ይለወጣል ወይ አልኩ። የዘሀራ አደራ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ ነው? የለም። ትዝ ብሎኛል። ገዝቼው መጣሁ። ሲጭኑልኝ ኮምፒውተሩ እንኳ አሮጌውን ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀ አሉኝ ጎረምሶቹ። አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ። በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ።

ቀዩ ተከፈተ። ሳሩ እውነትም ያማረ ነው። ላቡም ይታያል። ኮምቦልቻ የሚባል ቡድን ግን የለም፤ ፌንጣም የለም። ደነገጥሁና ሰመራ ደወልኩ። ዘሀራ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀለም ብቻ የቀቡት መሰለዎት እንዴ፣ አባ እንድሪስ? ቤቱን አፍርሰው ነው የሠሩት፤ በሩ ዞሯል። የኔ ቁልፍ የተቀረጸው ለድሮው በር ነው» አለችኝ። የድሮው ሲዲም ጭማሪውም እሷ ጋ ነው፤ ለአረፋ ስመጣ አስተካክለዋለሁ አለች። ለታደሰ ኮምፒውተሩ አሞታል አልኩት። ያቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ናት፤ ትንሽ ናት፤ ትልቋን ያመጣቻት እሷ ናት።

በፋሲካ ማግስት ጌታሁን ከደሴ መጣ። ታደሰ ነጭ ለብሶ፣ አማቹን ክንዱን ይዞ፣ ሳይነግረኝ ይዞት ገባ። አግዳሚው በጎረምሳ ተሞልቷል፤ በሩም ላይ ቆመዋል።

«እስኪ አሳየው፣ እንድሪስ። ውሃ አቀባዩን አሳየው!»

ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር። አስራ አንድ ቁጥር ለብሶ በግራ መስመር የሚሮጥ አንድ የባዕድ አገር ሰው አለ፤ ቀጠን ያለ፣ ጢም ያለው፣ ግንባሩን በጨርቅ ያሰረ። ምን ማለት ነበረብኝ? «ታደሰ፣ አጥፍቼሃለሁ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ብቻ ናት። እኔ ጣቴን አነሳሁና «ያውልህ» አልኩ።

ጌታሁን ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ይሄማ ፈረንጅ ነው።»

«አዲሱ ላይ አሳምረውት ነው።»

«እንድሪስ፣ ሙት በለኝ!»

«ወላሂ እሱ ነው» አልኩ እጄን አንስቼ።

በዚያ ሰፈር እንድሪስ ወላሂ ካለ ክርክር አለቀ ማለት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ፣ «እንድሪስ ወላሂ ይበል» ተብሎ ስንቱ ታርቋል። ጌታሁን ክርስቲያን ነው፤ የኔን ወላሂ ግን ከራሱ መሐላ አብልጦ ያምን ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ታደሰን እጅ ነሳው። «አፈር ልሁን፣ ለካ ተጫውተሃል» አለው። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ እነሱ ፌንጣ አለመሆኑን ያውቃሉ፣ ግን ሽማግሌ ምሎ ማን ያስተባብላል? ታደሰ አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ሳቀ። ያ ሳቅ ከጥርሱ አልፎ ገባ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። በሐሰት ምዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘሀራ በዚያ አረፋ አልመጣችም፤ አራስ ሆነች። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ታደሰ በየቀኑ እየመጣ ያንን ባዕድ ሰው ፌንጣ እያለ ሲያየው ኖረ። ሰውየው ጎል ሲያገባ ታደሰን እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን። አንድ ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ታደሰ ተነስቶ ቤቱን ሙሉ ይቅርታ ጠየቀ። «ጉልበቴ ነው፣ ብርድ ይዞኝ ነው» አለ። አግዳሚው በሳቅ ሊገለበጥ! እኔ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅሁ፤ ስስቅም ውስጤ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲህ ወላሂ ማለት አቆምኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ይመስለኛል» እላለሁ። እናንተዬ፣ ምን ሆነ መሰላችሁ? እንድሪስ አላህን መፍራቱ ጨመረ ተባለ! በፊት በወላሂ ያምኑኝ የነበሩት አሁን በ«ይመስለኛል» ያምኑኝ ጀመር። በሐሰት የማለ ሰው አስር ምስኪን ያብላ ሲባል ሰምቼ አስር ሰው አበላሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ምን ያለ ሰደቃ ነው ብለው መረቁኝ። እኔ ጥፋቴን በሸፈንኩ ቁጥር ሰው ምርቃት ያለብሰኛል። ከዚህ የበለጠ ምን ቅጣት አለ?

በሚቀጥለው ዓመት ዘሀራ ልጇን አዝላ መጣች። የድሮውን ከመመለሷ በፊት እስኪ አዲሱ ላይ ይገባ እንደሆን ልሞክር አለች። ሞከረች። ጨዋታው ሲከፈት አስራ አንዱም ታደሰ ሆኑ። በረኛው ታደሰ፣ ተከላካዩ ታደሰ፤ ሁሉም ጎፈሬ፣ ሁሉም ጢም። ዘሀራ በሳቅ ልጇን ልትጥል! ይሄኔ ታደሰ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል።

አየ። ቆጠረ። «እንግዲህ ጌታሁን ይምጣ!» አለና እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

እኔ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ታደሰ፣ ያኔ...» ስል እጁን ጉልበቴ ላይ ጫነ።

«ተወው፤ አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያ ሰውዬ እኮ በቀኝ ነው የሚመታው።»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ያኔውኑ አየሁት። ግን አንተ ወላሂ አልክ። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ በግራ ነበር በቀኝ የምመታው እያልኩ የራሴን እግር ተጠራጠርኩ እንጂ ያንተን ወላሂ አልተጠራጠርኩም።»

ይህን ብሎ መኪናውን ሊረግጥ ሄደ። ዘሀራም ሰማያዊውን መልሳ ጫነችው፤ ፌንጣ በግራ እግሩ ሲመታ እንደገና አየን፤ ቤቱም እንደ ድሮው ሞላ። ታደሰ ይቅር ብሎኛል፤ ኧረ ሲጀመርም አልያዘብኝም። እኔ ግን ያቺን ሦስት ቀን ከየት አምጥቼ እመልስለታለሁ? ሰው የገዛ እግሩን የተጠራጠረባትን ሦስት ቀን? በአስር ምስኪን ትሻራለች? ቅናት ነው፣ ድንጋጤ ነው፣ ለጓደኛ ማዘን ነው ብዬ ላሳብብ እችላለሁ። አላሳብብም። የማልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ሰው ግን ቀርቷል። ጌታሁን፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ያንብብልህ ወይም ራስህ አንብበው። ያ ኮፍያህን ያወለቅህለት ሰው ታደሰ አልነበረም፤ ዋሽቼሃለሁ፣ አፉ በለኝ። ታደሰ ግን ተጫውቷል። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደሴ ላይ፣ ጉልበቱን ከመመታቱ በፊት፣ ሁለት ሰው ዘሎ አልፎ በግራ እግሩ አግብቷል፤ ጮኼ ድምፄ ተዘግቶ ነው ኮምቦልቻ የገባሁት። ይህ እውነት ነው። ወላሂ ልልህ በወደድኩ ነበር፤ ግን ወላሂዬን ለውሸቱ ጨረስኩት። እንግዲህ ያለ መሐላ ነው የምነግርህ። ከቻልክ እመነኝ።