ቦክሲ ሲሉኝ ቦክሰር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በስህተት ተጀመረ። ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሚኖር አንድ ያገሬ ሰው አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ወስዶ ጋፊር አድርጎ አስቀጠረኝ። ካርቱም ውስጥ ዘበኛ ጋፊር ይባላል። አሠሪዬ የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ሁሉም «ሙዲር» ይለዋል፣ አለቃ ማለት ነው።

«ያላ፣ ያ ሐበሺ! መጀመሪያ ቦክሰሩን እጠብና ጥላ ሥር አድርገው» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

በካርቱም ፒክአፕ መኪና ቦክሲ ነው የሚባለው። ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድ ነጭ ቦክሲ ቆሟል። ጎማው ሳይቀር በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ቁልፍ ስላልሰጠኝ ጥላ ሥር ማስገባት አልቻልኩም፤ ሸራ ፈልጌ አለበስኩት። ሙዲር ሲወጣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወደ ጓሮ አፏጨ።

የመጣውን ሳይ ዘልዬ ቦክሲው ላይ ወጣሁ። ውሻ መሆኑስ ውሻ ነው፤ ፊቱን ግን ምን ነካው? አፍንጫው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ግንባሩ ተሸብሽቧል፣ ከንፈሩ በግራና በቀኝ ተንጠልጥሎ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«ሙዲር፣ መኪና ገጭቶት ነው?»

«አፈጣጠሩ ነው! ቦክሰር ማለት እሱ ነው። ስሙ ኒምር ነው፤ ና ውረድ።»

ብወርድም ድንጋጤው ቶሎ አልለቀቀኝም። ኒምር በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊት እግሮቹን ደረቴ ላይ ለጠፈና ፊቴን ላሰኝ። ቦክሰር እንደ ቡጢኛ በፊት እግሩ ስለሚጫወት ነው ስሙ የወጣለት ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ የኔን ደረት ግን በደንብ ደብድቦታል።

ሥራውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። አፍንጫው አጭር የሆነ ውሻ የካርቱምን ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ አንሸራሽረው ነበር። ቀትር ላይ ሆዱንና መዳፎቹን በውኃ አረጥባለሁ። የፊቱን ሽብሽብ በእርጥብ ጨርቅ እጠርግና አደርቃለሁ፤ ካልደረቀ ይቆስላል። ሲተኛ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል። ማንኮራፋቱን ካልሰማሁ ተነስቼ ትንፋሹን አያለሁ።

የሰፈሩ ሰው ሳይቀር ውሻ እያመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤት ቡችላ ታቅፋ መጣች።

«ቦክሰር ነው ብለውኝ ነው፤ እየው እስቲ» አለችኝ።

አፉን ገጥሜ ከንፈሩን ገለጥ አደረግኩ። የቦክሰር የታችኛው መንጋጋ የላይኛውን ቀድሞ ይወጣል፤ አፉ ሲገጠም ግን ጥርሱ አይታይም። ደረቱ ወደ ታች ጥልቅ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጸጉሩ አጭርና የሚያብረቀርቅ ነው። እግሩም ረዘም ይላል፤ እሱን የሚመስለው ቡልዶግ የሚባል ውሻ ግን አጭር ነው። የሷ ቡችላ አፉ እንደ ቀበሮ ሾሏል።

«እመቤቴ፣ ይሄ የሰፈር ውሻ ነው» አልኳት።

«መልኩ ግን ያምራል» ብላ ይዛው ሄደች። እውነቷን ነው፤ ከኒምር እጅግ ያምር ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰፈር ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? ሙዲር ቤተሰቡን ቦክሲው ላይ ጭኖ ሲወጣ ለኒምር ቦታ ጠፋ። ትንሿ ልጁ አንገቱን አቅፋ እያለቀሰች አልለቅ አለች። ሙዲር እሷን አንስቶ ወደኔ ዞረ፤ ሲስቅ የማውቀው ሰው ሳይስቅ የኒምርን ማሰሪያ እጄ ላይ አደረገ።

«አማና ነው» አለኝ። አደራ ማለቱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተደበደበ። ታጣቂዎች ናቸው። መሪያቸው ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደግኖ ጮኸ፦

«ቦክሲው የት አለ? አምጣ!»

እንዴት «ቦክሰሩ» ብዬ እንደሰማሁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ቦክሰር እንጂ ስለ ቦክሲ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ፍርሃቱም ጆሮዬን ደፍኖታል። እየሮጥኩ ጓሮ ገብቼ ኒምርን በማሰሪያው ይዤ ወጣሁ።

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጠመንጃ ሲያቀባብሉ ሰማሁ።

«ይሄ ምንድን ነው? መኪና ገጭቶት ነው?» አለ አንደኛው።

«ቦክሰር ነው፤ ቦክሰሩን አምጣ ስላላችሁኝ...»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ስህተቴ ገባኝ። ያሾፍኩባቸው መስሏቸዋል። ኒምር ደግሞ ምን ገዶት፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊት እግሮቹን የመሪው ደረት ላይ ለጠፈ። ተኮሰበት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድምፅ ሳጣ ገለጥኩ። ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ የኒምርን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ የታችኛውን መንጋጋ ያያል። ልክ እኔ እንደማየው። ከዚያ ከግንባሩ ሽብሽብ ውስጥ አቧራውን ጠረገለት።

«ያንኮራፋል?» አለኝ።

«በጣም።»

«የኔም ያንኮራፋ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ጋፊር ነበርኩ።»

ሰዎቹ ግቢውን ዞረው መኪና እንደሌለ አይተው ወጡ። እሱ በሩ ላይ ቆም አለ።

«ከኋላዬ የሚመጡት ቦክሰር አያውቁም። ዛሬውኑ ይዘኸው ውጣ» አለኝ።

ወጣን። በእግርም፣ ለምኜ በጭነት መኪናም፣ ድንበራችን አጠገብ ያለችው ገዳሪፍ ደረስን። ይህን ስጽፍ ኒምር አጠገቤ ያንኮራፋል። ያን ሰው ውሻው የት እንደደረሰ አልጠየቅኩትም፤ ፈራሁ።

ጋፊር ለምትሆኑ የምለው ይህን ነው፦ ቦክሰር በታችኛው መንጋጋው ይታወቃል። በር የመታ ሰው ግን ምን እንደነበረ ፊቱ ላይ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቦክሲ ነው ያለው ወይስ ቦክሰር፣ ደግማችሁ ጠይቁት።